የብርሌው አንቀልባ

ኢንስፔክተር እፀገነት ወዳጆ አንደኛውን ቦቲ አጥልቃ ሁለተኛውን ከአልጋ ሥር ስትፈልግ፣ ሳጂን ስንታየሁ ግቢውን በሩጫ አቋርጦ መስኮቷን ደበደበው።

«ኢንስፔክተር፣ ብርዝ ፋብሪካው ተቃጥሏል! ዘበኛው ጋሽ አወቀ ራሳቸውን ስተው ጤና ጣቢያ ገብተዋል። ግን አይጨነቁ፣ አቃጣዩን ይዘነዋል።»

«እኔ ቦቲዬን ሳላገኝ አንተ ወንጀለኛ አገኘህ?» አለች እፀገነት። «ማነው?»

«ሽኩር፣ የማሽኑ መካኒክ። ግቢው ውስጥ ነው ያገኘነው፤ ሁለት እጁ ተቃጥሏል። ብንጠይቀው ብንጠይቀው ትንፍሽ አላለም።»

እፀገነት ቦቲውን አገኘችው፤ ግን ወዲያው አላጠለቀችውም። ሽኩርን ታውቀዋለች። የጣቢያው ጄኔሬተር በተበላሸ ቁጥር መጥቶ የሚጠግን፣ ዋጋውን ሲጠይቁት «ዱዓ አድርጉልኝ» ብሎ የሚሄድ ሰው ነው። ሚስቱ ሀይፋ ዛሬ ነገ እወልዳለሁ እያለች ነው። ሰው የተኛበት ቤት ላይ ሆን ብሎ እሳት የለቀቀ ደግሞ ደብረ ብርሃን ነው የሚወሰደው። ጋሽ አወቀ ካለፉማ ነገሩ የነፍስ ይሆናል። ሽኩር የልጁን ፊት የሚያየው በእስር ቤት አጥር በኩል ነው ማለት ነው።

«በል ቅደም» አለች።

ጊዜው ሁለት ሺህ ዓመት ሊገባ ነው ተብሎ አገሩ ሁሉ ሽር ጉድ የሚልበት ክረምት ነበር። ዕለቱ ነሐሴ አንድ ነው፤ የፍልሰታ ጾም መያዣ። ግማሹ የዓለም ከተማ ሰው ገና ሳይነጋ ቤተ ክርስቲያን ገብቷል። የቀረው እሳቱን ተረባርቦ አጥፍቶ፣ ጭቃውን እየረገጠ ፋብሪካው ደጃፍ ተኮልኩሏል። ፋብሪካ ሲባል ደግሞ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ! አንድ ረጅም የቆርቆሮ አዳራሽ፣ ከጀርባው የማር መጋዘን፣ መሃሉ ላይ ከአንድ የለስላሳ መጠጥ ፋብሪካ ተርፎ የተገዛ አሮጌ ማሽን፤ በቃ ይኸው ነው። ከተማው ግን ይሳሳለታል። በሩ ላይ የተጻፈው ስም «የእማማ ጥሩሸዋ ብርዝ» የሚል ነዋ።

እማማ ጥሩሸዋ በዚያች ከተማ ያላጎረሱት ሰው የለም። ብርዛቸው ጌሾ የማይገባበት የማር ውሃ ነው፤ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ሽማግሌውም ሕፃኑም በአንድ ድንኳን ተቀምጦ ይጠጣዋል። «አንዱ እየጠጣ አንዱ የሚያይበት መጠጥ ምን ደስ ይላል?» ይሉ ነበር። የወንድማቸው ልጅ አፈወርቅ ነው ይህንን ብርዝ በጠርሙስ አድርጌ ለሚሌኒየሙ በዓል አቀርበዋለሁ ብሎ የተነሣው።

አፈወርቅ አሁን የተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀምጦ ጭንቅላቱን ይዟል።

«ምን ምን ተቃጠለ አቶ አፈወርቅ?» አለችው እፀገነት።

«አንቀልባዎቹ» አለ። «አንቀልባዎቹ አለቁ በይው።»

«የልጅ አንቀልባ?»

«የብርሌ።» ተነሣና ከጥቀርሻው ውስጥ አንድ የተረፈ አውጥቶ አሳያት። ከላዩ ሲያዩት ቀጥ ያለ የእንጨት ጣሳ ነው። ውስጡ ግን ክብ ሆኖ ተፈልፍሎ ሱፍ ለብሷል። «ይኼ ማሽን የተሠራው ቀጥ ላለ ጠርሙስ ነው። እኔ ደግሞ ግትር ነኝ፤ ብርዝ በብርሌ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አልኩ። ብርሌ ሆዱ ድብልብል፣ አንገቱ መለሎ፣ መቀመጫው እዚህ ግባ የማይባል ነው። የማሽኑ ቀበቶ ላይ ስናወጣው ይንገዳገድና ጎረቤቱን ይደገፋል፤ ጎረቤቱ ሌላውን ይዞ ይወድቃል። መሙያው ቧንቧ ሲወርድ አፉን ይስትና ማሩን መሬት ያጠጣዋል። ስንቱን ሰበርነው! ሽኩር ነው መላ ያመጣው። ከዋንዛ እንጨት ይኼንን አስፈለፈለ። ብርሌው እንዳይጋጭ ደግሞ ከቀየት ገበያ የመንዝ በግ ሱፍ አምጥቼ ውስጡን አለበስነው። ብርሌው እዚህ ውስጥ ቁጭ ሲል ማሽኑ የሚያገኘው ቀጥ ያለ እንጨት ብቻ ነው፤ አይንገዳገድም፣ አፉም ከቧንቧው ሥር ይደርሳል። ታዝሎ ስለሚሄድ ሠራተኞቹ አንቀልባ አሉት።»

እፀገነት ወደ ሽቦ መደርደሪያው ቀረበች። መሃሉ ከስሏል፤ ጣሪያውም ከበላዩ ጠቁሯል። ዳርና ዳር የተረፉት አንቀልባዎች ግን እንደተደረደሩ ናቸው። ሁሉም አፋቸውን ወደ ታች ደፍተዋል።

«እንዲህ ደፍታችሁ ነው የምታስቀምጧቸው?»

«ኧረ በጭራሽ! ሱፉ አየር ያግኝ ብሎ ሽኩር ቀና አድርጎ ነው የሚደረድራቸው። ትናንት ማታ ስንወጣም ቀና ብለው ነበር።»

ከመደርደሪያው ሥር ወለሉ ላይ ቢጫ ነገር ፈስሶ ረግቷል። በጥፍሯ ፋቀችው።

«ሰም ነው» አለ አፈወርቅ። «ብርዝ ሲፈስበት እንጨቱ እንዳይጠጣ ብሎ ሽኩር ትናንት ከሰዓት ቀባው። እኔ ዛሬውኑ እንጀምር ስል፣ እሱ ሰሙ ይድረቅ ሲል ትንሽ ተጨቃጭቀን ነበር።»

«ሰም መቀባቱን ሌላ ማን ያውቃል?»

«እኔና እሱ ብቻ ነን።»

ሳጂን ስንታየሁ ከኋላ ጉሮሮውን ጠረገ። «ይኸዋ ኢንስፔክተር! ቀባው፣ ለኮሰው።»

«እሺ፣ ለምን ገለበጣቸው?»

ሳጂኑ ኮፍያውን አስተካከለ።

«እማማስ ሰምተዋል?» ብላ ጠየቀች እፀገነት ስትወጣ።

«የት ሰምተው! ዛሬ ሱባኤ ገብተዋል። ጾሙ እስኪፈታ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አይወጡም፣ ከሰውም አይነጋገሩም። ይኼንን አለማየታቸው ለእኔም ተመስገን ነው።»

በሩ ፊት ለፊት ዳቦ የምትሸጠው ጌታነሽ ምስክር ነበረች፤ ምስክርነቷንም ወዳዋለች።

«በዓይኔ በብረቱ ነው ያየሁት! ሽኩር የሚጨስ ነገር በሁለት እጁ ይዞ ሲሮጥ።»

«ወደ አዳራሹ ነው ወይስ ከአዳራሹ?»

«በዚያ ጭስ መሃል … እኔ እንጃ እቴ! ግን እሳት የሚለቅ ሰው ወደ ውስጥ ነው እንጂ የሚወስደው፣ ወደ ውጭ ይዞ ምን ሊሠራበት?»

«ከእሱ በፊትስ ማን ገባ?»

«ባዳ የሚባል ዝር አላለም። እኔ ከዚህ አልተነሣሁም።»

ጤና ጣቢያ ነርስ እየሩስ የጋሽ አወቀን ትንፋሽ እያዳመጠች ነበር። ሽማግሌው ጭሱ ክፉኛ መቷቸዋል፤ ፊታቸው አመድ መስሏል። በሩ አጠገብ ደጅ ተዘርረው ነው የተገኙት። ሰው ሁሉ እየዳኹ ወጡ ብሏል።

እፀገነት ብርድ ልብሱን ከእግራቸው በኩል ገለጥ አደረገች። ባዶ እግራቸውን ናቸው።

«እግራቸውን አጥባችሁታል እንዴ?»

«ጊዜ የት አግኝተን?» አለች እየሩስ። «ልብሳቸውን ፈታሁ፣ ኦክስጅን ሰጠሁ፣ ይኸው ነው።»

ውጭው ጭቃ እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጣል። የጋሽ አወቀ ውስጥ እግር ግን ንጹሕ ነው፤ ጉልበታቸውም ቢሆን ጭቃ አልነካውም። እፀገነት ብርድ ልብሱን መልሳ ሸፈነችላቸው። እኚህ ሰው አልዳኹም፣ አልሄዱም። አንድ ሰው ተሸክሟቸዋል። ተሸክሞ አውጥቶ ደግሞ ዝም ብሏል! ምን የሚሉት ደግ ሰው ነው የሠራውን የሚደብቅ?

ጣቢያ ስትመለስ ሀይፋ ደጃፉ ላይ በአንድ እጇ ወገቧን ደግፋ፣ በሌላው ፔርሙዝ ይዛ ቆማለች።

«እቴቴ» አለቻት፤ «ለሱብሂ ሶላት ነው ከቤት የወጣው። መስጊድ አልደረሰም ይላሉ። እሱ ግን … እቴቴ፣ አንቺ ታውቂው የለም?»

«ግቢና ተቀመጪ እህቴ። ቆመሽ እንዳትወልጂብኝ።»

ሽኩር በጠባቡ ክፍል ውስጥ መዳፎቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ተቀምጧል። እፀገነት ፊቱን አየች፤ ቅንድቡም ጢሙም ደህና ነው፣ የእጁ ጀርባም ደህና ነው። የተቃጠለው መዳፉ ብቻ ነው። በእያንዳንዱ መዳፍ ላይ ቀስት መስሎ የጎበጠ አንድ መስመር አለ።

«ነበልባል እንዲህ አያቃጥልም» አለችው። «የጋለ ነገር ይዘሃል። ምን ነበር?»

«እርስዎ እንደታየዎት ይጻፉት።»

«ጋሽ አወቀን አንተ ነህ ያወጣኻቸው?»

ዓይኑ እንባ ሞላ። «በሕይወት አሉ?»

«አሉ።»

«አልሐምዱሊላህ» አለና ፊቱን በክንዱ ሸፈነ። «አልሐምዱሊላህ። ከዚህ ሌላ የምለው የለኝም።»

«ልጅህ ሊወለድ ነው እኮ ሽኩር! በነገው አውቶቡስ ደብረ ብርሃን ሊወስዱህ ነው። ማንን ነው የምትሸሽገው?»

ሽኩር ወደ ግድግዳው ዞረ። እፀገነት ተናደደች፤ በሩንም ከሚገባው በላይ አጋጨችው። ደህና ሰው እልኸኛ ሲሆን እንዴት ያቃጥላል!

ከሰዓት ሳጂን ስንታየሁ አዲስ ወሬ ይዞ መጣ። አረቄ ነጋዴው መኳንንት «ይኼን ብርሌያችሁን አመድ አደርገዋለሁ» ብሎ ገበያ መሃል ሲዝት ሰው ሰምቶታል። ዛሬም ገና ሳይነጋ ላምባ የሞላ ጀሪካን ይዞ ከቤቱ ሲወጣ ታይቷል።

መኳንንት ጥያቄውን ሲሰማ ደም ሥሩ ተገታተረ። «ዝቻለሁ! ብርዝ ብርዝ እያሉ ገበያዬን ሲዘጉብኝ ልሳቅ? አፌ እንጂ እጄ እሳት አያውቅም።»

«ላምባውስ?»

ሰውየው መሬት መሬት አየ። ነውር የሠራ ሰው ነበር የሚመስለው። «ለእማማ ጥሩሸዋ ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሱባኤ ለሚገቡበት ጎጆ፣ ለኩራዛቸው። አፈወርቅ እንዳይሰማ አደራ። እናቴ የሞተች ጊዜ እኒያ ሴትዮ ለቀስተኛውን ሁሉ ሲያበሉ ሲያጠጡልኝ ነው የሰነበቱት። ከወንድማቸው ልጅ ጋር ብጣላ ውለታቸውን እረሳለሁ?»

«ሰጧቸው ታዲያ?»

«አልደረሱም ነበር። ቤታቸው ብሄድ ቀድመው ወጥተዋል አሉኝ፤ ቤተ ክርስቲያን ብደርስ ገና አልመጡም። ለእማሆይ አመተሥላሴ ሰጥቼ ተመለስኩ። ይጠይቋቸው።»

ሳጂኑ እማሆይን ጠይቆ ተመለሰ። እውነት ነው፤ መኳንንት እሳቱ ሲነሣ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ከመነኩሲቷ ጋር ነበር። ይኼም መንገድ ተዘጋ።

«ስለዚህ ሽኩር ነው» አለ ስንታየሁ፤ ደስ ብሎት ግን አልነበረም። «መዝገቡን ለነገው አውቶቡስ ላዘጋጅ?»

«ጠብቀኝ» አለችና ብቻዋን ወደ ፋብሪካው ተመለሰች።

ዝናቡ ቆም ብሏል። እፀገነት አዳራሹን በጓሮ በኩል ዞረች። የሽኩር የስባሪ ክምር እዚያ ነው። ሽኩር ስባሪ ብርሌ ተመልሶ እንዲቀልጥ ስለሚልክ ከክምሩ ውስጥ ጠጠር እንኳ ሲገባ አይወድም፤ ቡሽም ቆርኪም ለይቶ ይጥላል። ክምሩ ላይ ግን አንድ ጥቁር ነገር ተጥሏል። ጎንበስ ብላ አነሣችው።

ገል ነበር፤ የተሰበረ የጋን ቁራጭ። ጠርዙ እንደ ቀስት ጎብጧል። ሁለት መዳፎቿን ግራና ቀኝ አድርጋ ያዘችው፤ ጠርዙ ሽኩር በተቃጠለበት ቦታ ላይ አረፈ። ሆዱ ውስጥ ከሰልና አንድ ያልነደደ እንጨት ተጣብቆበታል። ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው።

ወይራ ነው።

እፀገነት ያደገችው ራቤል ነው። እናቷ ጋን በግራዋ ፈግፍጋ አጥባ፣ ፍም ላይ ወይራ አጭሳ፣ የጋኑን አፍ ወደ ታች ደፍታ ጭሱን ታጠጣው ነበር። ያልታጠነ ዕቃ ውስጥ የሚጠጣ ነገር ሲገባ አይታ አታውቅም። ወደ አዳራሹ ሮጣ ገባች፤ ከተረፉት አንቀልባዎች አንዱን ከመደርደሪያው አንሥታ ሱፉን አሸተተችው። ሱፉ ወይራ ወይራ ይላል።

የመካኒክ እጅ አልነበረም። ሽኩር አንቀልባው ብርዙን እንደማይነካው ያውቃል፤ የሚነካው ብርሌው ነው። መጠጥ የሚይዝ ሁሉ ዕቃ ነው፣ አዲስ ዕቃ ደግሞ ይታጠናል ብሎ የሚነሣ ሰው ሌላ ነው። ያ ሰው ስለ ሰሙ አያውቅም። ጋለና ሰሙ ቀለጠ፣ ፍሙ ላይ ተንጠባጠበ፣ ቦግ አለ።

ቀድመው ወጥተዋል፤ ገና አልደረሱም። የመኳንንት ቃል ጆሮዋ ውስጥ ተመልሶ መጣ። እፀገነት ማሽኑን ተደግፋ «አይ የኔ እናት!» አለች ድምፅዋን አውጥታ።

ጤና ጣቢያ ስትደርስ ጋሽ አወቀ ነቅተዋል። ድምፃቸው ሻክሯል እንጂ ቀልባቸው ተመልሷል።

«በማለዳ ማን መጣ ጋሽ አወቀ?»

«ማንም አልመጣም ልጄ።»

«እማማ ጥሩሸዋስ?»

«እንዴ፣ እሳቸውማ መጥተዋል!» አሉ ሽማግሌው ግር ብሏቸው። «እኔ መጣ የምለው ባዳ ሲመጣ ነው። እሳቸው የቤቱ ሰው አይደሉ? ለሱባኤው ሲሄዱ ጎራ አሉ። 'ተኛ አንተ፣ እኔ ትንሽ ጉዳይ አለኝ፣ በሩን ዘግቼልህ እሄዳለሁ' አሉኝ። ጥጌ ውስጥ ጋቢዬን ተከናንቤ ተኛሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ጭስ። መነሣት አቃተኝ። ብቻ አንድ ሰው ጀርባው ላይ አዘለኝ። 'ያ አላህ፣ ያ አላህ' እያለ ያለቅስ ነበር።» ጋሽ አወቀ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ሽኩር ነው። ድምፁን አጣዋለሁ? ጠርታችሁ አምጡልኝ፤ ጉልበቱን ልስመው።»

እፀገነት ሳጂኑን መዝገቡን አዘጋጅ ሳትለው በመቅረቷ ፈጣሪዋን አመሰገነች።

የቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ላይ ቦቲዋን አወለቀች። እማሆይ አመተሥላሴ ነጠላቸውን አጣፍተው መንገዱን ዘጉባት።

«ሱባኤ የገባ ሰው አይጠራም ልጄ። ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ እማሆይ። ግን አንድ ልጅ ያለ ጥፋቱ ነገ ሊወሰድብን ነው። የሚያወጡት እሳቸው ብቻ ናቸው።»

እማማ ጥሩሸዋ ከጎጆው ጎንበስ ብለው ወጡ። ትንሽ ሴትዮ ናቸው፣ ዓይናቸው የሚስቅ። እፀገነት መንገድ ሙሉ ያዘጋጀችውን ንግግር ረሳችው።

«እማማ፣ ዛሬ ማለዳ አንቀልባዎቹን አጠኗቸው?»

ፊታቸው በራ። «ሽኩር ነገረሽ? አይ ይኼ ልጅ! ሳያይ ላስደስተው ብዬ እኮ ነው ጨለማ ለብሼ የሄድኩት። አየሽ ልጄ፣ ያን ሁሉ ለፍቶ ብርሌዬን ከመውደቅ አዳነልኝ። እኔ አሮጊቷ በምን አመሰግነዋለሁ? እጄ የሚያውቀው ይኼንኑ ነው። እንጨቱ አዲስ፣ ሱፉ አዲስ፤ ሳይታጠን ይጀመራል? ፍሙን ገል ላይ አድርጌ፣ ወይራውን ጨምሬ፣ አንድ ባንድ ደፋኋቸውና ጭሱን እየጠጡ ይቆዩ ብዬ ሄድኩ። እስቲ ንገሪኝ፣ ጥሩ ሸተቱ?»

እፀገነት በሕይወቷ ብዙ ክፉ ወሬ ለብዙ ሰው ነግራለች። እንደዚያች ሰዓት የከበዳት ግን የለም። አጠገባቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ እጃቸውን ይዛ፣ ቀስ ብላ ነገረቻቸው፤ ስለ ሰሙ፣ ስለ እሳቱ፣ ስለ ጋሽ አወቀ።

«ሞተ?» አሉ እማማ።

«ተርፈዋል። ሽኩር አዝሎ አወጣቸው። ከዚያ ተመልሶ ገባና ገሉን አየ፤ የማን እጅ እንደሆነም ገባው። ከነፍሙ በባዶ መዳፉ ይዞ ሮጦ ስባሪው ላይ ጣለው። አሁን ታስሯል። ስምዎን ከሚያነሣ መታሰሩን መርጧል።»

እማማ ጥሩሸዋ መቋሚያቸውን ፈለጉ።

«ሱባኤውስ እናቴ?» አሉ እማሆይ በፍርሃት።

«እሷ እመቤታችን ትጠብቀኛለች እማሆይ። ልጁ ግን ታስሯል» አሉና ያንን ቁልቁለት ቀድመው ወረዱት። እፀገነት አንድ ቦቲዋን በእጇ እንደያዘች ተከተለቻቸው።

የጣቢያውን ደጃፍ ሲያልፉ ሳጂን ስንታየሁ ከመቀመጫው ተነሣ። እማማ ሁለት እጃቸውን አጣምረው ዘረጉለት።

«እሰረኝ አንተ ልጅ። ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። ያንን ፍታልኝ።»

ስንታየሁ እፀገነትን አየ፤ እፀገነት በሩን ክፈት ብላ ምልክት ሰጠችው። ሽኩር ብቅ ሲል እማማን አየና ባለበት ደረቀ።

«ለምን መጡ እማማ? ማን ነገረዎት? እኔ እኮ ሰሙን የቀባሁት …»

«ዝም በል!» አሉት፤ ተቆጥተው ነበር፤ እያለቀሱም ነበር። «ሚስትህ ደጅ ላይ ወገቧን ይዛለች። አወቀን ካወጣህ በኋላ አፍህን ምን ለጎመው?»

«ስምዎ በሩ ላይ ተጽፏል» አለ ሽኩር። «ከተማው ያመነው ስምዎን ነው። ዘበኛውን ያቃጠሉት አሮጊት ሲባሉ ልስማ? እዚህ አገር የመጣሁ ጊዜ ወባ ሲጥለኝ ማን አነሣኝ? ለእኔ ብለው አዲስ ድስት ገዝተው፣ ዶሮዋን ለጎረቤታቸው ለሐጂራ ልከው በእስላም አሳርደው፣ እጄን ይዘው አበሉኝ። አንድ ቀን እንኳ ውለታ ነው አላሉኝም። እኔ የምከፍልበት ቀን ሲመጣ ልናገር?»

እማማ ሁለት መዳፎቹን ገልብጠው አዩ፤ ቁስሉ ላይ እንዳይነኩት ተጠንቅቀው ጣቶቹን ሳሙ። ሳጂን ስንታየሁ አስቸኳይ ጉዳይ እንዳለው ሁሉ ወደ ጓሮ ወጣ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል።

ገሉንም፣ ሰሙንም፣ የጋሽ አወቀን ቃልም ያየው ዐቃቤ ሕግ ነገሩ አደጋ ነው ብሎ መዝገቡን ዘጋው። ሽኩር ግን ያንን አልጠበቀም፤ በዋስ የዚያኑ ዕለት ወጣ። ጥሩም አደረገ፤ ሀይፋ በማግሥቱ ወለደች። እማማ ወደ ሱባኤያቸው ተመልሰው ነበርና ለአራሷ ብርዝ ይዞ የሄደው፣ ታምኑኛላችሁ፣ አረቄ ነጋዴው መኳንንት ነው።

ጳጉሜ ላይ አዲሶቹ አንቀልባዎች ተሠርተው አለቁ። አፈወርቅ ማሽኑን ሊያስነሣ ሲል ሽኩር ቀበቶው ላይ እጁን ጫነ።

«ገና ነው» አለ። አንቀልባዎቹን ተሸክሞ ወደ ግቢው መሃል፣ ወደ ሜዳው አወጣቸው። «ሰም ገና አልነካቸውም፤ እሱን ከዛሬው ሙከራ በኋላ እቀባዋለሁ። እማማ፣ ይምጡ ያጥኑልኝ።»

እማማ ጥሩሸዋ እጃቸውን ወደኋላ ሸሸጉ። «አልነካም። እኔ እንግዲህ እሳት አልነካም።»

«ካልታጠኑ አላስነሣም። እኔ ወር ሙሉ የለፋሁት ላልታጠነ ዕቃ ነው እንዴ?»

ጋሽ አወቀ ከዘበኛ ቤታቸው ፍም በአካፋ ይዘው ወጡ። ገሉ ላይ ገለበጡት። ያ ገል ያው የመዝገቡ ገል ነበር፤ እፀገነት ራሷ ነች የመለሰችው። ከዚያ ሽማግሌው ወይራውን አንሥተው ለእማማ አቀበሉ።

«አጥኚ እቴ» አሉ። «ዛሬ አልተኛም፤ አጠገብሽ ቆሜ ነው የማይሽ።»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። እማማም እያለቀሱ ሳቁና ወይራውን ጨመሩ። ጭሱ ቀጥ ብሎ ወጣ። ኢንስፔክተር እፀገነት በአንድ በኩል፣ ሳጂን ስንታየሁ በሌላው በኩል፣ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ባልዲ ውሃ ይዘው ቆመዋል፤ ደንብ ልብሳቸውን እንደለበሱ።

የመጀመሪያው ብርሌ በአንቀልባው ሆኖ ቀበቶው ላይ ሲወጣ ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ሄደ፤ አልተንገዳገደም። ከቧንቧው ሥር ቆመ፣ ተሞላ፣ ታሸገ፣ ወጣ። አፈወርቅ ለእማማ ሰጣቸው፤ እማማ ለጋሽ አወቀ ሰጡ፤ ጋሽ አወቀ ለሽኩር። ሽኩር ድብልብሉን ብርሌ ቁስሉ ገና በደንብ ባልሻረ መዳፉ ተቀበለው። አንድ ጉንጭ ጠጣና ለሀይፋ፣ ሀይፋም ጀርባዋ ላይ ያለውን ሕፃን አመቻችታ ለእፀገነት አቀበለቻት።

እፀገነት ግን መቀበያ እጅ አልነበራትም። ፍሙ እስኪጠፋ ባልዲውን አላስቀምጥም ብላ ነበርና ሀይፋ ራሷ አጠጣቻት።